ተኝተን የሞከርነው ተጎታች ቤት

ዕቃ ሲገዛ መሞከር ደግ ነው። ጫማ ከሆነ አጥልቃችሁ ትንጎራደዱበታላችሁ። ሐብሐብ ከሆነ በጣታችሁ መታ መታ አድርጋችሁ፣ ከድምፁ ምንም ባይገባችሁም ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። አልጋ ላይ ግን ችግር አለ። አልጋ የሚሞከረው ተኝቶ ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ዕቃ መምረጡ ቀርቶ የት እንዳለም አያውቅም። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። ከነባለቤቴ፣ ከነልጆቼና ከነአማቴ በአውራ ጎዳና ላይ እየተጎተትኩ የተማርኩት ነው።

የምንኖረው ከጄኔቭ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በቬርኒየ ነው። ቤታችን ባለ አራት ክፍል ይባላል። አገር ቤት ላሉ ዘመዶች ይህን ስንነግራቸው ግቢና ዘበኛ ያለው ቪላ ይታያቸዋል። ጄኔቭ ውስጥ ኩሽናም እንደ ክፍል እንደሚቆጠር ነግረናቸው አናውቅም፤ ደስታቸውን ለምን እንቀማቸዋለን? በዚህ ቤት ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ ትዕግሥት፣ እናቷ እማማ ዘነበች፣ ትልቋ ልጃችን ሜሮን፣ ሁለቱ ወንዶች ናታንና ካሌብ እንኖራለን። ባለቤቴን ትዕግሥት ብለው ስም ያወጡላት እማማ ናቸው። ስም ወላጅ የተመኘውን እንጂ ያገኘውን እንደማያሳይ እሳቸውም ያምናሉ።

ነገሩ የጀመረው በካሌብ ነው። ከበጋው እረፍት መልስ አስተማሪዋ ልጆቹን አንድ በአንድ የት እንደከረሙ ስትጠይቅ፣ አንዱ ባሕር፣ ሌላው ተራራ፣ ሌላዋ አያቷ አገር ይላሉ። የኛው ልጅ ተራው ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኛ ሱፐርማርኬት ሄድን። ሁለት ጊዜ» አለ። አስተማሪዋ ይህን ለትዕግሥት በር ላይ እየሳቀች ነገረቻት። ትዕግሥት አልሳቀችም። ማታ ራት አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«በሚመጣው በጋ ልጆቼ ይሄን መልስ አይደግሙትም» አለችኝ።

«አይደግሙትም» አልኩ።

«ሆቴል ለስድስት ሰው አይቻልም። ድንኳን ደግሞ እናቴ አትገባም።»

«እኔ ድንኳን የገባሁት አንዴ ለቅሶ ነው፤ እሱም ይበቃኛል» አሉ እማማ ከሶፋው ላይ።

እኔም ወንድነቴ መጣና ተጎታች ቤት እገዛለሁ አልኩ። መኪና ጀርባ ላይ አስረው የሚጎትቱትን፣ አልጋውም ኩሽናውም ውስጡ ያለውን። ትዕግሥት ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች። ልጆቹ ለየራሳቸው አልጋ ይኑራቸው፤ ተጎታቹም ቀላል ይሁን። ለየራሳቸው ያለችው ናታንና ካሌብ በአንድ ፍራሽ ሲተኙ ሌሊቱን ሙሉ ድንበር ስለሚካለሉ ነው። ቀላል ያለችው ደግሞ በመኪናችን ምክንያት ነው። መኪናችን ዳገት ከሩቅ ስታይ ማሳል የምትጀምር፣ ልበ ሙሉ ያልሆነች መኪና ናት።

ደረጀ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ኦፕፊኮን ውስጥ፣ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ሆቴል የእንግዶች ማመላለሻ ሚኒባስ ይነዳል። እሱ ደወለና፣ «እኛ ሆቴል አጠገብ ያገለገሉ ተጎታቾች የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ከአሜሪካ የመጣ፣ ለልጆች ተደራራቢ አልጋ ያለው አይቻለሁ። 'በጣም ቀላል' የሚል ተለጥፎበታል። ስማኝ፣ ከቤታችሁ ይሰፋል» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በዚያን ሰሞን የዜግነት ቃለ መጠይቅ እየጠበቅን ነበር። ሻወር ስገባ ካንቶን የሚባሉትን የአገሪቱን ክልሎች፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ወንዞችን አነበንባለሁ። ቀድመውን ያለፉ ሰዎች ሁሉ ምክራቸው አንድ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከፖሊስ ጋር ሰላምታ እንኳን አትለዋወጡ። ትዕግሥት ምክሩን ከመያዟ የተነሳ ፖሊስ ስታይ መንገድ ትሻገር ጀመር፤ ያውም በሜዳ አህያ መስመር ላይ፣ መብራት ጠብቃ።

አንድ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። እኔና ትዕግሥት ብቻ ልንሄድ ነበር ሐሳባችን። እማማ ግን የልጅ ልጆቻቸው የሚተኙበትን ሳያዩ እንደማይገዛ አስታወቁ። እሳቸው ከሄዱ ልጆቹ ማን ጋር ይቀራሉ? መኪናችን አምስት ሰው ስለምትይዝ ሜሮንና እኔ በባቡር፣ የቀሩት በትዕግሥት መሪነት በመኪና ሄድን። እማማ ዳቦ፣ ድንች ወጥ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ብርድ ልብስ በትልቅ ዘንቢል ይዘዋል። ብርድ ልብሱ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «የሰው አገር ነው» አሉኝ። እዚያው አገር ሲኖሩ ስንት ዘመናቸው ነው።

ሻጩ ሩዲ ይባላል። ፊቱ ቀይ፣ ሆዱ ደልደል ያለ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ እያደባለቀ የሚናገር ሰው ነው። በጀርመንኛ ሲናገር ግን ሜሮን ታስተረጉማለች። ጀርመንኛ ትምህርት ቤት ትማራለች፤ የዙሪክ ሰዎች የሚናገሩት ግን መጽሐፏ ውስጥ ያለውን እንዳልሆነ በዚያ ቀን ነው ያወቀችው። ሩዲ ወደ አንዱ ረጅም ተጎታች ወሰደንና፣ «ይሄ አምስተኛ ጎማ ይባላል» አለ።

እኔ ዞሬ ቆጠርኩ። በዚህ በኩል ሁለት፣ በዚያ በኩል ሁለት። አንድ ይጎድላል። እየሸወደኝ እንዳይሆን ብዬ፣ «አምስተኛው ታዲያ የታል?» አልኩት ኮስተር ብዬ። ናታንም አባቱ ሲጠራጠር ዝም ስለማይል ከሥር ገብቶ መፈለግ ጀመረ።

«ፓፓ፣ ኢል ኒያ ፓ። ጎማ እዚህ የለም ነው» አለ ከሥር።

ሩዲ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳኝ። አምስተኛ ጎማ የሚባለው ጎማ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። ይህ ዓይነቱ ተጎታች እንደሌላው ከኋላ መንጠቆ ላይ አይታሰርም። አፍንጫው ወደ ላይ የተሰቀለ ነው፤ እሱ የፒካፕ ጀርባ ላይ ይቀመጣል። የወላጆች መኝታ አፍንጫው ውስጥ፣ የልጆቹ ተደራራቢ አልጋ ደግሞ ከኋላ ነው።

«መኪናህ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

«ጠንካራ ነው» አልኩት።

ፒካፕ እንደሌለኝ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ግን በጎማው ጉዳይ አንዴ ተዋርጃለሁ፤ በአንድ ቀን ስንት ጊዜ? ጥግ ላይ የቆመችውን መኪናችንን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። አፍንጫው ጣራዋ ላይ ቢቀመጥስ የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ትዕግሥት ዓይኔን ተከትላ ደረሰችበት።

«እንዳታስበው» አለችኝ በቀስታ።

ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት አንድ ዓይነት ተጎታቾች ነበሩ። ሩዲ የግራው የሚሸጥ፣ የቀኙ የተሸጠ መሆኑን ነገረን። ከዚያ ሰዓቱን አየና፣ «ምሳ በልቼ እመለሳለሁ። እናንተ ግቡ። አልጋ ቆሞ አይሞከርም፤ ጋደም በሉበት» ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ደግ ሻጭ አይቼ አላውቅም።

የግራው ደረጃ ለእማማ ጉልበት ከፍ ያለ ነበር። የቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ በሩም ገርበብ ብሏል።

«እማማ፣ እሱ የተሸጠው ነው» አልኳቸው።

«ልውሰደው አላልኩ። ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ? አንዱን ያየ ሁለቱንም አየ» ብለው ገቡ። ተከተልናቸው።

ውስጡን ስናይ አፋችንን ከፈትን። ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፤ በጄኔቭ አቆጣጠር ስድስት ክፍል ይወጣዋል። ሜሮን ብቻዋን ያለውን አልጋ ያዘች። ካሌብ «እኔ ላይ ነው እተኛለሁ» ብሎ መሰላሉን ወጣ፤ ናታን ከሥሩ ገባ፤ ሁለቱ ከተወለዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነካኩ ተጋደሙ። እማማ አፍንጫው ላይ ወዳለው ትልቅ አልጋ ወጥተው ወገባቸውን ሊያሳርፉ ብርድ ልብሳቸውን ዘረጉ። ትዕግሥት መጋረጃው ምን ያህል ብርሃን እንደሚከለክል ለማየት ሁሉንም ዘጋች፤ ብርድ እንዳይገባም በሩን ገጠም አደረገች። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«ጥሩ መጋረጃ ነው» አለች ከጎኔ ሶፋው ላይ ጋደም እያለች።

ከዚህ ቀጥሎ የተባለውን አላስታውስም፤ የተባለ ነገርም ያለ አይመስለኝም። ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ቤተሰብ ነው።

በሕልሜ ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ረዳቱ ሒሳብ እያለ ትከሻዬን ይነካል። ከዚያ የፕላስቲክ ሳህን ግንባሬ ላይ ወደቀና ነቃሁ። ሳህኑ ራሱን ከከፈተ ቁም ሣጥን የወጣ ነው። ሌላም ተከተለው። ወለሉ ይወዛወዛል።

«ልጆች፣ አልጋውን አታናውጡ» አለች ትዕግሥት ዓይኗን ሳትገልጥ።

እማማ አፍንጫው ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጥ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ቤቶች ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉኝ።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ቤቶቹ ቆመዋል፤ የምንሄደው እኛ ነን። ከፊታችን የፒካፕ ጣራ፣ ከኋላችን አውራ ጎዳና። የተጎታቹ ገዢዎች መጥተው፣ ቀድሞ ያዩትን ቤት ቆልፈው፣ ደረጃውን አጥፈው፣ አፍንጫውን ሰቅለው ሄደዋል።

«ከነዕቃው ሸጡን» አለች ትዕግሥት ቁጭ ብላ።

የኔ ስልክ፣ ከባቡር እንደደረስኩ ስለሰካሁት፣ መኪናችን ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። መታወቂያ ያለበት ጃኬቴም እዚያው ነው። የትዕግሥት ስልክም ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋም መኪናው ውስጥ። የሜሮን ስልክ ብቻ በእጇ ነበር፤ እሱም ስታየው ውሎ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳለች። በእሱ ደረጀ ጋ ደወልኩ።

«እህሳ፣ ገዛችሁ?» አለ።

«እየሄድንበት ነው።»

«ገና ሳትገዙ? ወዴት?»

«ወዴት እንደሆነ ነጂው ነው የሚያውቀው።»

«ነጂው ማነው?»

«አልተዋወቅንም» አልኩት፤ ስልኩ ጠፋ። ደረጀ ከዚያ በኋላ ለደቂቃዎች ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆሞ፣ ሰውዬው ጠጥቷል ወይስ ታግቷል እያለ ሲያስብ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል።

ትዕግሥት ክፉኛ ተቆጥታ ነበር፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ደብድብና አስቁመው» አለች። ግድግዳውን ደበደብኩ። ነጂው ግን ሬዲዮ ከፍቷል፤ የአኮርዲዮን ሙዚቃው እኛ ጋር ድረስ ይሰማል። «በመስኮት እጅ እናውለብልብ» አለች ሜሮን። «ፖሊስ ይጠሩልናል።»

እኔና ትዕግሥት ተያየን። ያለፈቃድ የሰው ቤት ገብቶ መተኛት ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ስም እንዳለው ግን እርግጠኛ ነኝ። ስሙ ከዜግነት ማመልከቻችን ጎን ሲቀመጥ ታየኝ።

«ማንም አያውለብልብ» አልኩ። «መቆሙ አይቀርም። ሰው ነው፤ ቡና ያምረዋል።»

እማማ ጸሎታቸውን ጨርሰው ዘንቢሉን ከፈቱ። «የተጓዘ ሰው ይበላል» አሉ። ሳህኖቹ በገዛ እጃቸው ወጥተዋል፤ ድንች ወጡ ቀረበ። ወደ ግራ ስንታጠፍ የግራው ቁም ሣጥን፣ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ፍሪጁ ይከፈታል። ናታን እንቁላሉን ይዞ በፍሪጁ በር ላይ ተመደበ። ልጆቹ ፊታቸው በርቷል። በኑሮዬ እንደዚያ ቀን ሲደሰቱ አላየኋቸውም።

ዳገት ላይ ፍጥነታችን ቀነሰ። የጭነት መኪኖች በጎናችን ያልፉ ጀመር። ከነሱ አንዱ ከጎናችን እኩል ሲሆን ሹፌሩ ወደኛ አፍጥጦ አየሁት። ለምን እንደሆነ ገርሞኝ ዞር ስል፣ ካሌብ ከላይኛው አልጋ መስኮት መጋረጃውን ገልጦ በሁለት እጁ ሰላምታ እየሰጠው ነው። ሹፌሩ ስልኩን አነሳ።

ብዙም ሳይቆይ ተጎታቹ ወደ አንድ የመንገድ ዳር ማረፊያ ታጥፎ ቆመ። በሮች ተከፈቱ። የሽማግሌ ድምፅ በስልክ ሲያማርር ሰማን።

«ምን ይላል?» አልኳት ሜሮንን።

ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «ሻጩን ነው። ቀላል ነው ብለህ ሸጥክልኝ፣ ቀላል አይደለም ይላል። ዳገቱን እምቢ አለኝ። ውስጡ... ላም ያለ ይመስላል ይላል።»

«ማንን ነው ላም የሚለው?» አሉ እማማ።

እንግዲህ መገኘታችንን ማሳወቅ ግድ ሆነ። ግን ሰው ሰው ቤት ሲሄድ ከውጭ ነው የሚያንኳኳው። ከውስጥ ሆኖ ለባለቤቱ ማንኳኳት እንዴት ያለ ጨዋነት እንደሚጠይቅ ማንም አላስተማረኝም። ሸሚዜን አስተካከልኩ፣ አፌን ጠረግሁ፣ በጣቴ ሦስት ጊዜ ቆረቆርኩ።

ከውጭ የአሮጊት ድምፅ፣ ከልማድ ይሆናል፣ «ይግቡ» አለ።

ቁልፉ ዞረና በሩ ተከፈተ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ስልኩን እንደያዘ ቆሟል፤ አጠገቡ ነጭ አጭር ጸጉር ያላት ሴት አለች። እኔ «ቦንዡር» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከኋላዬ ትዕግሥት፣ ሳህን የያዙ ሦስት ልጆች፣ ከሁሉም በላይ አፍንጫው ላይ ብርድ ልብስ የለበሱ እማማ ይታያሉ። እማማ ባሉበት ሆነው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ሴትየዋ ትንሽ አመነታችና እሷም ጎንበስ አለች። እማማ ደገሙ። እሷም ደገመች። ይሄ ነገር የት እንደሚቆም ሳላውቅ የፖሊስ መኪና መጥቶ ከጎናችን ቆመ።

ሁለት ናቸው፤ አንዲት መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴትና አንድ ግዙፍ ሰው። የጭነት መኪናው ሹፌር በተጎታች ውስጥ ተደብቀው የሚጓጓዙ ሰዎች አሉ ብሎ ጠቁሟል። ፖሊሷ ከጄኔቭ መሆናችንን ስታውቅ በጥሩ ፈረንሳይኛ ጠየቀችኝ።

«መታወቂያ?»

«መኪናዬ ውስጥ።»

«መኪናህ የት ነው?»

«ኦፕፊኮን።»

«አሁን የት እንዳለህስ ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ አእምሮዬ ካደኝ። የፖሊሷ አጠያየቅ ስለማመድለት የከረምኩትን ቃለ መጠይቅ መሰለኝና፣ «ስዊዘርላንድ በሃያ ስድስት ካንቶኖች የተዋቀረች ፌዴራላዊ አገር ናት» ብዬ ጀመርኩ። ዙሪክን፣ በርንን፣ ሉሰርንን ጠርቼ ዑሪ ላይ ስደርስ ትዕግሥት በክርኗ ጎሸመችኝ።

ፖሊሷ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እነዚህ ሰዎች የእናንተ ናቸው?»

«አይደሉም» አለ ሰውየው።

«ናቸው» አለች ሴትየዋ፤ እኩል ነው የተናገሩት። «እንግዶቻችን ናቸው።»

ሜሮን እጄን ያዘች። ይህች ልጅ በሰው ፊት እጄን መያዝ ካቆመች ቆይታለች። መዳፏ ቀዝቅዟል። የአገሩ ሰው እንሆናለን ያልንበት ነገር ሁሉ፣ እዚያ መኪና ማቆሚያ ላይ በሁለት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ሰውየው ሚስቱን፣ ቭሬኒን፣ አያት። «ቭሬኒ ናቸው ካለች ናቸው» አለ።

«እንግዲያው አቶ፣» አለች ፖሊሷ፣ «ሰው በተጎታች ውስጥ መጫን ክልክል መሆኑን ያውቃሉ?» ብላ ወቀሳዋን አወረደችበት። ሰውየው፣ ቫልተር ይባላል፣ መንገድ ላይ ማንም ባይኖር እንኳን ቀይ መብራት የሚጠብቅ ዓይነት ሰው ነው። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን ቃሉን አላጠፈም። በሰባ ዓመቱ ስለኛ ብሎ እንደ ተማሪ ሲገሠጽ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ትዕግሥትን አየኋት። ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«እነሱ አያውቁም» አልኩ። «ሰው መጫናቸውን ሳያውቁ ነው የመጡት። ጥፋቱ የኔ ነው። ተጎታች ልገዛ መጣሁ፣ የተሸጠው ውስጥ ገባሁ፣ አልጋውን ስሞክር እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ስድስታችሁንም?»

«አልጋው ጥሩ ነው።»

ግዙፉ ፖሊስ እስካሁን አልተናገረም ነበር። «ተደራራቢው?» አለ።

«ተደራራቢውም።»

ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ጠበቅን። ውስጡ አንዳች ነገር ሲጢጥ አለ፤ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ፖሊሷ ጥቂት ታገሠችና ግድግዳውን በመዳፏ መታች። ጸጉሩ በአንድ ጎን ተለጥፎ ወጣ።

«የታችኛው ያጥራል» አላት። «የላይኛው ግን ለልጅ በቂ ነው። እኛም ሦስት ልጆች አሉን» አለ ወደኔ ዞሮ። «ክብደቱ ምን ያህል ነው?»

«ቀላል ነው ብለውኝ ነበር» አለ ቫልተር። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባው። ስድስታችንንም ከእማማ ጀምሮ አንድ በአንድ አየን። ፊቱ ቀስ በቀስ ፈካ። «ለካ ተጎታቹ አይደለም» አለ፤ ሻጩን መልሶ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሜሮን ይህን ስታስተረጉም እማማ ፊታቸውን አዞሩ።

ፖሊሷ ስማችንንም አልመዘገበችም። «ይሄን ባመለክት እኔንም ነው የሚመረምሩኝ» ብላ፣ ማንም ተመልሶ ተጎታቹ ውስጥ እንዳይገባ አስጠንቅቃ፣ ጓደኛዋን እየጎተተች ሄደች። እሱ እስከ መኪናው ድረስ ወደኋላ እያየ ነበር።

በቭሬኒ ስልክ ደረጀን ጠራነው። እስኪመጣ ቫልተር ያየነውን ሁሉ እንድንነግረው ለመነን። ከእኛ በቀር ተጎታቹን እየተጓዘ የፈተነው ሰው የለም። ወደ ግራ ሲታጠፍ ቁም ሣጥኑ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ፍሪጁ መከፈቱን፣ የመሰላሉ አንድ ብሎን መላላቱን፣ መጋረጃው ግን ግሩም መሆኑን ነገርነው። እንደ ሐኪም በጥሞና አዳመጠ። ቭሬኒ ደግሞ ድንች ወጡን ቀመሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ማንኪያውን ግን አላስቀመጠችም። ባለ ተደራራቢ አልጋ የገዙት ለልጅ ልጆቻቸው ነው። የልጅ ልጆቹ የሚኖሩት አውስትራሊያ ነው፤ በዚህ በጋ አይመጡም። ተጎታቹን ሙርተን ሐይቅ ዳር ሊያቆሙት ነው የሚወስዱት።

ደረጀ ሚኒባሱን እያበረረ ደረሰ። መካከለኛው ወንበር ላይ አንድ ከረባት ያሰረ፣ ሻንጣውን ያቀፈ ሰው ተቀምጧል።

«ይሄ ማነው?» አልኩት።

«የሆቴሉ እንግዳ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዤው እየመጣሁ ደወላችሁ። ላወርደው ጊዜ አልነበረኝም።»

ሰውየው ሆቴሉ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው ተብሎ ነበር የመጣው። እንዲህ መራቁ ሳያስገርመው አልቀረም፤ ነገር ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ አልጠየቀም። እማማ ከአጠገቡ ተቀምጠው የተረፈውን እንቁላል ሰጡት። በላ።

ሩዲ ምሳውን በልቶ፣ ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲወቀስና ይቅርታ ሲጠየቅ ውሎ ጠበቀን። አላፈርንም፤ ለማፈር ደክሞን ነበር። ፒካፕ እንደሌለኝ ነገርኩት። ጥግ ላይ ወደቆመች አንዲት አጭር ተጎታች ወሰደን፤ መንጠቆ ላይ የምትታሰር፣ ተደራራቢ አልጋ ያላት፣ መኪናችን የምትችላት። እንዴት እንደሞከርናት ልንገራችሁ። ማንም አልገባም። ትዕግሥት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጋ አንገቷን አስገብታ አየች። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። እማማ ከፊት ለፊት መንጠቆው ላይ ተቀመጡ፤ ልጎትት የሚል ቢመጣ እሳቸውን አስነስቶ ነው። ሩዲ «ጋደም በሉበት» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ትዕግሥት «ይሄ ነው» አለች፤ ገዛን።

ሐምሌ ላይ ሙርተን ሐይቅ ሄድን። ቭሬኒ ደጋግማ ደውላ ነበር። የኛን ቀላሏን ከነሱ ትልቁ አጠገብ አቆምናት። ወንዶቹ ልጆች አንድ ቀን እንኳን የኛ ውስጥ አላደሩም፤ የነቭሬኒን አልጋ ያዙ። ዜግነቱም ተሳካ፤ ካንቶኖቹን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ቫልተርና እኔ ከሸራው ሥር ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ሐይቁን እናያለን። የሱ ፈረንሳይኛ ወታደር ቤት የተማራት ናት፤ ከትእዛዝ በቀር ብዙ ቃል የላትም። እማማና ቭሬኒ ውስጥ ሆነው ያወራሉ። አንዷ በአማርኛ፣ ሌላዋ በዙሪክ ጀርመንኛ ናት፤ ሁለቱም በየመሐሉ ይስቃሉ።

ድንገት እማማ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ባዶ ጀሪካን ወደኛ ዘርግተው፣ «ሁለት ወንድ ተጎልቶ ውሃ ያልቃል?» አሉ በአማርኛ።

እኔ ከወንበሬ እስክነሳ ቫልተር ተነስቶ ጀሪካኑን ተቀብሏል። ተከትዬው ወጣሁ። ወደ ቧንቧው በዝናቡ እየሄድን ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ውሃ አምጡ ነው ያሉት አልኩት።

«ቃሉ አልገባኝም» አለ። «ድምፁ ግን ገብቶኛል።»